ከ5 ዶላር በታች ከሆኑ የኦንላይን ፖከር ውድድሮች የትኛው ለማን ይስማማል?

የኦንላይን ፖከር መድረክ ከፍቶ የውድድሮቹን ዝርዝር የሚያይ ጀማሪ ብዙ ስሞች በአንድ ጊዜ ይገጥሙታል፤ ሲት ኤንድ ጎ፣ ተርቦ፣ ሪባይ፣ ባውንቲ፣ ሳተላይት፣ ፍሪሮል። የአብዛኞቹ መግቢያ 1 ወይም 2 ዶላር ስለሆነ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ስለዚህም ብዙ ሰው የሚመርጠው የአንደኛው ሽልማት በትልቅ ቁጥር የተጻፈበትን ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። በር ላይ የተጻፈው 1 ዶላር የውድድሩ እውነተኛ ዋጋ አይደለም። እውነተኛው ዋጋ የሚታወቀው የሚወስደው ሰዓት፣ ተደጋግሞ የሚከፈለው ገንዘብ፣ ሽልማት ሳይገኝ የሚቆይበት ጊዜና በጠረጴዛው ላይ የሚጠይቀው ጨዋነት ሲደመሩ ነው። ይህ መመሪያ ኖ ሊሚት ሆልደም የተባለውን የፖከር ዓይነት ሕግ ለሚያውቁና በየትኛው ውድድር እንደሚጀምሩ ለተቸገሩ አንባቢዎች የተዘጋጀ ነው።

በምን እንመዝናቸው?

የመጀመሪያው መመዘኛ ሰዓት ነው። በውድድር መካከል ገንዘብን ይዞ መነሳት አይቻልም፤ ወይ ቺፑ ያልቃል፣ ወይ ውድድሩ ያልቃል። ሁለት ሰዓት ብቻ ያለው ሰው አምስት ሰዓት ሊወስድ የሚችል ውድድር ውስጥ ከገባ፣ ጥሩ በተጫወተ መጠን ከእንቅልፉ ወይም ከሥራው ጋር ይጋጫል፤ ከዚያም ለመጨረስ ሲቻኮል ያጠራቀመውን ቺፕ ይበትነዋል።

ሁለተኛው ጠቅላላ ወጪ ነው። መግቢያው 1 ዶላር ከ10 ሳንቲም ከሆነ፣ 1 ዶላሩ ወደ ሽልማቱ ይገባል፤ 10 ሳንቲሙ የቤቱ፣ ማለትም የመድረኩ፣ ኮሚሽን ነው። በዓመት 300 እንዲህ ያሉ ውድድሮችን የሚጫወት ሰው ለቤቱ ብቻ 30 ዶላር ይከፍላል። ትርፍ የሚቆጠረው ከዚህ በኋላ ነው።

ሦስተኛው የዕድል ውጣ ውረድ ነው፤ ይህን ጀማሪዎች አሳንሰው ያዩታል። ትልልቅ ውድድሮች ብዙውን ጊዜ የሚሸልሙት ከተወዳዳሪዎቹ 15 በመቶ ገደማ የሚሆኑትን ነው። ከሌሎቹ ጋር እኩል ችሎታ ያለው ሰው በእንዲህ ዓይነት ውድድር አሥር ጊዜ ተጫውቶ አንድም ሽልማት ሳያገኝ የመቅረቱ ዕድል ከአምስት አንድ ነው። ከዘጠኝ ተጫዋቾች ሦስቱ በሚሸለሙበት ባለ አንድ ጠረጴዛ ውድድር ግን አሥር ጊዜ በተከታታይ ባዶ እጅ የመውጣቱ ዕድል ከመቶ ሁለት አይሞላም። መግቢያቸው አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ በኪስና በመንፈስ ላይ የሚያሳድሩት ጫና ይህን ያህል ይራራቃል።

በአራተኛ ደረጃ ውድድሩ የሚያስተምረውን፣ በአምስተኛ ደረጃ ደግሞ የሚጠይቀውን ሥነ ምግባር አያለሁ። አምስተኛውን በንጽጽር መመሪያ ውስጥ ማስገባቴ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም እያንዳንዱ የውድድር ዓይነት ለአንድ የተለየ ጥፋት በር ይከፍታል፣ ጥፋቱም የሂሳብ መታገድን ሊያስከትል ይችላል።

ከሁሉ በፊት ሕጉ

የምኖረው ላስ ቬጋስ ነው፤ ኔቫዳ በ2013 ሕጋዊ የኦንላይን ፖከር ከጀመሩት ግዛቶች አንዷ ናት። በኒው ጀርሲ፣ በደላዌር፣ በፔንሲልቬንያ፣ በሚሺጋንና በዌስት ቨርጂኒያም ዕድሜው 21 የሞላ ሰው ፈቃድ ባላቸው መድረኮች በገንዘብ መጫወት ይችላል። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባቸው ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዋሽንግተን ዲሲ ግን ፈቃድ ያለው የኦንላይን ፖከር የላቸውም፤ ስለዚህ በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ ለሚኖር አንባቢ በስልኩ የሚቀርብለት የገንዘብ ጨዋታ በግዛቱ ተቆጣጣሪ ያልተፈቀደ ነው፤ ገንዘቡ ቢያዝበት የሚያመለክትበት ቦታ አያገኝም። ብሪታንያ ውስጥ ዕድሜው 18 የሞላ ሰው በቁማር ኮሚሽኑ ፈቃድ በተሰጣቸው ቤቶች መጫወት ይችላል። በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በኩዌትና በቀጠር ቁማር በሕግ የተከለከለ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ላሉ አንባቢዎች የምመክረው በነፃ ቺፕ የሚደረገውን ጨዋታ ብቻ ነው፤ ከዚህ በታች ያለው የአጨዋወት ትምህርት ለእሱም ያገለግላል።

ባለ ብዙ ጠረጴዛ ውድድር

ይህ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በአንድ ሰዓት የሚጀምሩት፣ ቺፑ ያለቀበት የሚወጣበት የተለመደው ዓይነት ነው። 500 ሰው ከገባና ብላይንዱ (ካርታ ከመታደሉ በፊት በግዴታ የሚመደበው ቺፕ) በየ10 ወይም በየ15 ደቂቃው የሚጨምር ከሆነ እስከ መጨረሻው መቆየት አራትና አምስት ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። የሽልማቱ አከፋፈል ወደ ላይ ያዘነበለ ነው፤ የሽልማቱን መስመር ገና ያለፈ ሰው የሚያገኘው ከመግቢያው እጥፍ ብዙም አይርቅም፣ ዋናው ገንዘብ ያለው በመጨረሻዎቹ ሦስትና አራት ቦታዎች ነው።

በዝቅተኛ መግቢያ ላይ የሚያዋጣው አጨዋወት ቀላል ነው። በዚህ ደረጃ ያሉ ተጫዋቾች ካርታ መጣል ስለማይወዱ፣ ያለ ካርታ ለማስፈራራት መሞከር ብዙ ጊዜ ኪሳራ ነው፤ ጠንካራ ካርታ ሲመጣ ግን ከፍ አድርጎ መመደብ ይከፍላል። ቺፕዎ ከአሥር ትልቅ ብላይንድ በታች ሲወርድ ትንሽ ከፍሎ ፍሎፕ (የመጀመሪያዎቹን ሦስት የጋራ ካርታዎች) ማየትን ይተዉ፤ ወይ ሁሉንም ማስገባት ወይ መጣል ብቻ ነው የሚቀረው። ቺፑ እያለቀ መልካም ካርታ የሚጠብቅ ሰው በመጨረሻ ቢያሸንፍ እንኳ የሚያገኘው እጥፍ የትም አያደርሰውም።

ሪባይ

በመጀመሪያው ሰዓት ገደማ ቺፑ ያለቀበት ሰው እንደገና ከፍሎ ይቀጥላል፤ በዕረፍቱም ተጨማሪ ቺፕ ይሸጣል። «የ1 ዶላር ውድድር» የሚለው ስም እዚህ ላይ አሳሳች ነው። አንድ ምሽት ከማታ ፈረቃ ተመልሼ የገባሁበት የ1 ዶላር ሪባይ፣ በአርባ ደቂቃ ውስጥ አራት ጊዜ ደግሜ ከፍዬ፣ በዕረፍቱም ተጨማሪውን ገዝቼ 6 ዶላር ወሰደብኝ፤ ከሽልማቱም አልደረስኩም። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ በጀቴን ያሰላሁት በስሙ ነው። ወደዚህ ውድድር የሚገባ ሰው ከመግቢያው ቢያንስ አምስት እጥፍ ይያዝ፤ ያን ካልያዘ ይለፈው።

ባለ አንድ ጠረጴዛ ሲት ኤንድ ጎ

ለጀማሪ ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው ይህን ነው፤ ስለዚህም ረዘም አድርጌ እመለከተዋለሁ። ስድስት ወይም ዘጠኝ ሰው ሲሞላ ወዲያው ይጀምራል። ባለ ዘጠኙ በመደበኛ ፍጥነት አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ የተለመደው አከፋፈል ለአንደኛ 50፣ ለሁለተኛ 30፣ ለሦስተኛ 20 በመቶ ነው። ወጪው የታወቀ፣ ሰዓቱ የተወሰነ፣ ውጣ ውረዱም ለዘብ ያለ ነው።

ዋናው ጥቅሙ ግን የቺፕና የገንዘብ ዋጋ አንድ አለመሆኑን በግልጽ ማስተማሩ ነው። ዘጠኝ ሰዎች አንድ አንድ ዶላር ከፍለው፣ አራት ቀርተዋል እንበል፤ አንድ ሰው ብቻ ከወጣ ቀሪዎቹ ሦስቱ ይሸለማሉ። ይህ ቅጽበት በተጫዋቾች ዘንድ ባብል ይባላል። አራቱም እኩል 3,375 ቺፕ አላቸው። ከፊትዎ ያለው ተጫዋች ሁሉንም አስገባ፤ እርስዎ ኤስና ኩዊን ይዘዋል። ይቀበላሉ?

በመሐል ያሉትን ብላይንዶች ለጊዜው ትተን እናስላ። ካርታውን ከጣሉ በእጅዎ ያለው ድርሻ ከ9 ዶላሩ አንድ አራተኛ፣ ማለትም 2 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው። ተቀብለው ካሸነፉ ከጠቅላላው ቺፕ ግማሹ የእርስዎ ይሆናል፤ ድርሻዎ ግን ወደ 4 ዶላር ከ50 አያድግም። ከግማሽ ቺፕ ጋር አንደኛ የመውጣት ዕድል 50 በመቶ፣ ሁለተኛ የመሆን 33 በመቶ፣ ሦስተኛ የመሆን 17 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ ሲባዛና ሲደመር 3 ዶላር ከ45 ሳንቲም ነው። ከተሸነፉ ምንም አይኖርም። ስለዚህ መቀበል የሚያዋጣው ከመቶ ከ65 ጊዜ በላይ የሚያሸንፉ ከሆነ ብቻ ነው። ዓይነታቸው የተለያየ ኤስና ኩዊን፣ ተቃዋሚው ካርታውን ሳያይ በጭፍን ቢያስገባ እንኳ የሚያሸንፉት ከመቶ 64 ጊዜ ያህል ነው። ይጣሉ። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በደስታ የሚጫወቱበት ካርታ በባብል ላይ የሚጣል ካርታ መሆኑን የተረዳ ሰው፣ ከአብዛኞቹ የ1 ዶላር ተጫዋቾች ቀድሟል።

የዚሁ ሂሳብ ሌላው ገጽ ደግሞ ቀድሞ የሚያስገባው ሰው መጠቀሙ ነው፤ ሌሎቹ ለመቀበል 65 በመቶ ስለሚያስፈልጋቸው፣ በባብል ላይ አስገቢ መሆን ከተቀባይነት ይሻላል።

ባለ ሦስት ሰው የዕጣ ውድድር

ሦስት ሰዎች ይገባሉ፣ ሽልማቱ በዕጣ ይወጣል፣ በጥቂት ደቂቃዎችም ያልቃል። ሦስት ዶላር ተሰብስቦ አብዛኛውን ጊዜ የሚጫወቱት ለ2 ዶላር ነው፤ ቀሪው ለቤቱና አልፎ አልፎ ለሚወጣው ትልቅ ዕጣ ይሄዳል። አንድ ሰዓት ውስጥ አሥር ጊዜ መግባት ስለሚቻል የ1 ዶላር ጨዋታ ሳይታወቅ የ10 ዶላር ይሆናል። ለማንም ጀማሪ አልመክረውም።

ባውንቲ

መግቢያው ለሁለት ይከፈላል፤ ብዙ ጊዜ ግማሹ ለሽልማት፣ ግማሹ በእያንዳንዱ ተጫዋች ራስ ላይ ይቀመጣል። ሰውን ከውድድር ያስወጣ ገንዘቡን ወዲያው ይወስዳል። እያደገ በሚሄደው ዓይነት ደግሞ ግማሹን ይወስዳል፣ ግማሹ በራሱ ራስ ላይ ይጨመራል። አንድ ወሳኝ ነጥብ አለ፤ የሰውን ባውንቲ ማግኘት የሚችለው ከእሱ እኩል ወይም የበለጠ ቺፕ ያለው ብቻ ነው። ስለዚህ አነስተኛ ቺፕ ያለው ሰው ሁሉንም ሲያስገባ፣ ቺፕዎ ከእሱ የሚበልጥ ከሆነ ከወትሮው በደከመ ካርታ መቀበል ያዋጣል፤ ምክንያቱም በፖቱ (በጠረጴዛው መሐል በተሰበሰበው ቺፕ) ላይ ያልተጻፈ ተጨማሪ ገንዘብ አለ። የእርስዎ ቺፕ ካነሰ ያ ገንዘብ ለእርስዎ የለም፤ እንደተለመደው ይጫወቱ። ጀማሪዎች ይህን ልዩነት አያዩም፤ በሁለቱም ሁኔታ እኩል ይሮጣሉ።

ሳተላይት

ሽልማቱ ገንዘብ ሳይሆን የትልቅ ውድድር መግቢያ ነው። ከቴነሲ የመጣው የሒሳብ ሠራተኛ ክሪስ መኒሜከር በ86 ዶላር የኦንላይን ሳተላይት ጀምሮ፣ በ2003 መግቢያው 10,000 ዶላር የሆነውን የዓለም ፖከር ዋና ውድድር 839 ሰዎች ባሉበት አሸንፎ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ከወሰደ በኋላ የዚህ ዓይነት ውድድር ተወዳጅነት ገነነ። አጨዋወቱ ግን ከሌሎቹ ሁሉ የተለየ ነው። አሥር ትኬት ካለና 11 ሰው ከቀረ፣ አንደኛውም አሥረኛውም የሚያገኙት እኩል ነው፤ በቂ ቺፕ ያለው ሰው ተጨማሪው ቺፕ አይጠቅመውም። ስለዚህ ሁለት ኤስ ይዞም ቢሆን መጣል ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ይህን ሊቀበል የማይችል ሰው ሳተላይት አይግባ። ደግሞም ሊጫወቱ ለማይችሉት ቀን የወጣ ትኬት ለማግኘት መድከም ከንቱ ነው፤ ቀኑንና ትኬቱ ወደ ገንዘብ ይቀየር እንደሆነ አስቀድመው ያንብቡ።

ፍሪሮል ደግሞ መግቢያ የለውም፤ ሽልማቱ ጥቂት፣ ተወዳዳሪው ብዙ ነው፤ በመጀመሪያው ሰዓት ብዙዎች ካርታ ሳያዩ ሁሉንም ያስገባሉ። አዝራሮቹንና የሰዓት ቆጣሪውን ለመልመድ ይበቃል፣ ከዚያ ያለፈ ትምህርት አይጠበቅበትም። ከማንኛውም ዓይነት ጎን «ተርቦ» የሚል ቃል ካለ ብላይንዱ በየ5 ደቂቃው ገደማ ይጨምራል፤ ጊዜ ይቆጥባል፣ የዕድልን ድርሻ ግን ከፍ ያደርጋል።

የጠረጴዛ ጨዋነት፣ በተለይ ለእኛ

መሠረታዊው ደንብ አንድ እጅ (ካርታ ታድሎ አሸናፊው እስኪለይ ያለው አንድ ዙር) የአንድ ሰው ነው የሚለው ነው። ከኋላ ቆሞ «ጣለው»፣ «ግባ» የሚል ወንድም ወይም ጓደኛ ደንብ እያስጣሰ ነው። በአንድ ሰው ሁለት ሂሳብ መክፈት፣ ጨዋታው እየተካሄደ መልስ የሚነግር ሶፍትዌር መጠቀምም እንዲሁ የተከለከሉ ናቸው።

ለሐበሻ ተጫዋች ከሁሉ የሚከብደው ግን ይሉኝታ ነው። ከጓደኛው ጋር በአንድ ጠረጴዛ የተገናኘ ሰው «እሱንማ አላስወጣውም» ብሎ ጠንካራ ካርታ ይዞ ዝም ይላል። በቡና ጊዜ ይህ መልካም ጠባይ ነው፤ በውድድር ግን በቀሪዎቹ ሰባት ሰዎች ላይ የተደረገ ስምምነት ነው፣ ስሙም ማጭበርበር ነው። በአማርኛ በላቲን ፊደል «ምን ያዝክ?» ብሎ መጻፍም የባሰ ነው፤ በብዙ መድረኮች እጅ እየተጫወተ በሌላ ቋንቋ መጻጻፍ ራሱ የተከለከለ ነው። በአንድ ቤት፣ በአንድ ኢንተርኔት የሚኖሩ ሁለት ሰዎች አንድ ውድድር ከመግባታቸው በፊት ደንቡን ያንብቡ፤ ካልተፈቀደ አንዱ ሌላ ውድድር ይምረጥ።

የጣሉትን ካርታ እጁ ሳያልቅ መናገር ደግሞ ብዙ ሰው ሳያውቅ የሚፈጽመው ጥፋት ነው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሰባት ወጥቶ፣ ሁለት ሰዎች ገና እየተጫወቱ፣ የጣለው ሦስተኛ ሰው «ወይኔ፣ ሰባት ጥዬ!» ብሎ ጻፈ እንበል። ከሁለቱ አንዱ ሰባት ሊይዝ የሚችልበት ዕድል ማነሱን ለሌላው ነገረው። በሺህ ቺፕ የሚቆጠር ውሳኔ በአንድ ቁጭት ተለወጠ።

ሰዓትን በተመለከተ፣ በእርግጥ ለከበደ ውሳኔ ጊዜ መውሰድ መብት ነው። ማሸነፉን እያወቁ ቆጣሪው እስኪያልቅ ዝም ብሎ ከዚያ መቀበል ግን ተቃዋሚን ማዋረድ ነው። በባብል ላይ ሌሎች እስኪወጡ እያንዳንዱን ካርታ ሰዓት እየገደሉ መጣልም እንዲሁ ያስነቅፋል። ደካማ ካርታ ይዞ በዕድል ያሸነፈን ጀማሪም አይዝለፉ፤ እሱ በሚቀጥለው ቀን ተመልሶ ቢመጣ የሚጠቀሙት እርስዎ ነዎት፣ ከዚያም በላይ ያለ ጥፋቱ መሰደብ የለበትም።

በአንድ ዕይታ

| ዓይነት | ጊዜ | ለ1 ዶላር መግቢያ የሚያዝ | ውጣ ውረድ | የሚያስተምረው | የሚፈትነው ጨዋነት |
|---|---|---|---|---|---|
| ባለ ብዙ ጠረጴዛ | 4–5 ሰዓት | 1.10 ዶላር | ከፍተኛ | ትዕግሥት፣ ቺፕ አያያዝ | በባብል ሰዓት አለመግደል |
| ሪባይ | 4–5 ሰዓት | 5–6 ዶላር | በጣም ከፍተኛ | ድፍረት | በንዴት አለመሳደብ |
| ሲት ኤንድ ጎ | 1 ሰዓት ገደማ | 1.10 ዶላር | መጠነኛ | የባብል ሂሳብ | ከጓደኛ ጋር አለመተዛዘን |
| ባለ ሦስት ሰው ዕጣ | ጥቂት ደቂቃ | በሰዓት እስከ 10 ዶላር | በጣም ከፍተኛ | ፈጣን ውሳኔ | ራስን መግታት |
| ባውንቲ | 3–5 ሰዓት | 1.10 ዶላር | ከፍተኛ | የፖት ስሌት | አለመመሳጠር |
| ሳተላይት | 1–3 ሰዓት | 1.10 ዶላር | ከፍተኛ | መቼ እንደሚጣል | ሰዓት አለመግደል |
| ፍሪሮል | ብዙ ሰዓት | 0 | — | አዝራሮችን መልመድ | ጥሎ አለመጥፋት |

ለየኪሱና ለየጊዜው

ለጨዋታ የሚመደበው ገንዘብ የቤት ኪራይ፣ ወደ አገር ቤት የሚላክ ወይም የዕቁብ ገንዘብ መሆን የለበትም፤ ቢጠፋ ማንም የማይጎዳበት መሆን አለበት። ፈቃድ ያላቸው መድረኮች ሁሉ የሳምንት ወይም የወር ገደብ የማስቀመጫ ቦታ ስላላቸው፣ ገንዘብ ከማስገባትዎ በፊት ገደቡን ያስቀምጡ።

ምንም ማውጣት የማይፈልግ ሰው በነፃ ቺፕ ሲት ኤንድ ጎ ቢጫወት ከፍሪሮል የተሻለ ይማራል። 30 ዶላር ያለው ሰው መግቢያቸው ከ1 ዶላር በማይበልጥ ሲት ኤንድ ጎዎች ላይ ይቆይ፤ ሠላሳ ያህል መግቢያ ከሌለ ተራ የዕድል መጥፎነት ገንዘቡን ይጨርሰዋል። ባለ ብዙ ጠረጴዛ ውድድር የሚወድ ሰው ለ1 ዶላር መግቢያ 100 ዶላር ያስፈልገዋል፤ 30 ዶላር ብቻ ካለው ወደ 25 ሳንቲም መግቢያ ይውረድ። ባውንቲን ከሃምሳ ሲት ኤንድ ጎ በኋላ ይሞክሩት። ሪባይና ባለ ሦስት ሰው ዕጣን ከዝርዝሩ ያውጧቸው።

በፈረቃ የሚሠራና ከሥራ በፊት አንድ ሰዓት ብቻ ያለው ሰው ከሲት ኤንድ ጎ ሌላ ምርጫ የለውም፤ ጊዜው ከዚያ ካነሰ ተርቦውን ይውሰድ። የዕረፍት ቀኑ ሙሉ ለሙሉ የራሱ የሆነ ሰው በሳምንት አንድ ባለ ብዙ ጠረጴዛ ውድድር ቢጫወት ይበቃዋል። ዋነኛ ፍላጎታቸው ከጓደኞቻቸው ጋር እየተጨዋወቱ ማምሸት ለሆነ ሰዎች ደግሞ፣ በርካታ መድረኮች በይለፍ ቃል የሚገቡበት የግል ጠረጴዛ መክፈት ይፈቅዳሉ፤ እዚያ ሁሉም ተጫዋች ስለሚተዋወቅና በነፃ ቺፕ መጫወት ስለሚቻል፣ በአማርኛ ቢቀልዱም፣ አንዱ ለሌላው ቢያዝንለትም የሚጎዳ እንግዳ ሰው የለም።